ከመታሸት በፊት፦ የአከርካሪ ሲስት ያለበት ሰው ካይሮፕራክተር ጋ ይሂድ ወይስ ይቅር?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በኤደን ፕሬሪ፣ ሚኒሶታ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር ሲጋብዘኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። ነርስ በመሆኔ ስለ ሁለቱም ከዚህ በፊት ተናግሬያለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ወገብ ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ ስብሰባ ላይ ቡና ስንጠጣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ ሆነን ተቀምጠን ነበር። ከዘጠኛችን ስድስታችንን ወገባችንን ያመናል። አንዱ ሌሊት ሌሊት መኪና ያሽከረክራል፤ ሁለቱ ሻኮፒ ካሉት መጋዘኖች ዕቃ ሲያነሡ ይውላሉ፤ እኔን ጨምሮ ሦስታችን ደግሞ አረጋውያንንና ሕሙማንን ከአልጋ የምናነሣ ነን። በጨዋታው መካከል አንድ ወንድማችን፣ «ምን ያስጨንቃችኋል፤ ካይሮፕራክተር ጋ ሂዱ። የፈረንጅ ወጌሻ ማለት እኮ ነው!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግማሽ እውነት ነበረው። ስለ ሌላው ግማሽ ግን ያን ቀን ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ፤ ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው።

የእኔ ነገር

ሕመሙ የጀመረኝ ከቀኝ መቀመጫዬ ነው። እያደር በጭኔና በባቴ ውጭኛ ጎን ወርዶ እግሬ አውራ ጣት ላይ ደረሰ። ቆሜ ስውል ይብስብኛል፤ ስቀመጥ ወይም ጎንበስ ስል ይተወኛል። ገበያ ስሄድ የዕቃውን ጋሪ ተደግፌ እንደ አሮጊት መግፋት ጀመርኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደምታውቀው ካይሮፕራክተር ላከችኝ። እሱም በጎኔ አስተኛኝ፣ ጉልበቴን አጠፈ፣ ከዚያም በአንድ ፈጣን ግፊት ወገቤን ጠምዘዝ አደረገው። ቋ አለ። ለሦስት ቀን ያህል ቀለለኝ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሄድኩ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። በመጀመሪያው ቀን በሞላሁት ቅጽ ላይ «መደንዘዝ ወይም የእግር መድከም አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማዬ ከቀኝ እግሬ ሲወልቅ ሳይታወቀኝ ብዙ እርምጃ እሄድ ነበር። ይህን እያወቅኩ «የለም» ብዬ ሞላሁ። «አለ» ብል ወደ ሐኪም ይመልሰኛል፣ ሐኪም ደግሞ ቀጠሮና ወጪ ነው ብዬ ነው። ሕሙማንን «ለሐኪም ምንም አትደብቁ» እያልኩ የምመክር ሰው ነኝ፤ እኔው ደበቅኩ።

በመጨረሻ የቤተሰብ ሐኪሜ ኤምአርአይ አዘዘችልኝ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ ምክንያት የምርመራ ውጤት ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳያየው በፊት ስልካችን ላይ ይደርሳል። የኔም እንዲሁ ሆነ። ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ከፈትኩት። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል፣ በቀኝ በኩል፣ ነርቭ የሚጫን ሲኖቪያል ሲስት አለ ይላል። ሲስት ማለት ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ማለት እንደሆነ ለስንቱ ሰው አስረድቻለሁ። የራሴ ሲሆን ግን ዕጢ፣ ካንሰር፣ ልጆቼ፣ የቤት ዕዳ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ያን ሳምንት ሐሙስ ደግሞ አራተኛው የካይሮፕራክተር ቀጠሮዬ ነበር። ልሂድ ወይስ ልቅር?

ካይሮፕራክተር ማን ነው?

ሰዎቹን ሳላውቅ እንዳልወቅስ፣ ሳላውቅም እንዳላመሰግን መጀመሪያ ሙያውን ላስተዋውቃችሁ። ካይሮፕራክቲክ የተጀመረው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው በአይዋ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ ጀመረው። ዳቨንፖርት እዚህ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚያልፈው ሚሲሲፒ ወደ ታች ወርዶ የሚያገኛት ከተማ ናት። በ1941 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሚኒሶታው የካይሮፕራክቲክ ትምህርት ቤት፣ የዛሬው ኖርዝዌስተርን ሄልዝ ሳይንስስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሚገኘው ደግሞ ጎረቤታችን ብሉሚንግተን ውስጥ ነው። እዚህ ካይሮፕራክተር ለመሆን ለዓመታት ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ከግዛቱ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ራጅ ያነሣሉ፤ ሚኒሶታ ውስጥ የሐኪም መድኃኒት አያዙም፣ ቀዶ ሕክምናም አያደርጉም።

ለተራ የወገብ ሕመምም ሥራቸው ዋጋ የለውም የሚል ካለ አይመኑት። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገቡት ነገሮች መካከል አከርካሪን በእጅ ማስተካከልን ቆጥሮታል። ከመካከላችሁ ተጠቅማችሁ የዳናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚህ አገር ሐኪሙና ካይሮፕራክተሩ ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም። የቆየ ቁርሾ አላቸው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ከካይሮፕራክተር ጋር እንዳይሠሩ ለዓመታት ሲከለክል ኖሮ፣ ካይሮፕራክተሮች ከስሰውት በ1987 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሕገ ወጥ እንደነበር ፈርዷል። ዛሬ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ቢሆንም የኤምአርአይ ውጤታችን አንዱ ጋ፣ ወገባችን ሌላው ጋ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ከሌለ አገናኙ ታማሚው ራሱ ነው።

ወንድም ጋሼ

አሁን ያን ቀን ዝም ወዳሰኘኝ ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ታላቅ ወንድሜን፣ ወንድም ጋሼ የምለውን፣ ታውቁታላችሁ። በ2009 ዓ.ም. ሞጣ ላይ ጀርባውን ያመው ጀመር። ገበሬ ነውና ማንም አልደነገጠም። ወጌሻ ተጠራ። በሳምንት ሁለት ጊዜ በለጋ ቅቤ እያሸ፣ በጉልበቱ እየተጫነ ያወጣው ነበር። የወጌሻውን ገንዘብ የምልከው ከዚህ ከኤደን ፕሬሪ እኔ ነበርኩ። በስልክ «እንዴት ነህ?» ስለው «ሲያሸኝ ይሻለኛል፤ ሌሊት ግን ላብ በላብ እሆናለሁ» ይለኛል። ከስቷል ሲሉኝም «ሥራ ቀንስ» አልኩት። ነርስ እህቱ ያለችው ይህን ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ጧት ተነሥቶ ለመቆም ሲሞክር እግሮቹ እምቢ አሉት። ተሸክመው ባሕር ዳር አደረሱት። የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ቲቢው ሁለት አጥንቶች በልቶ፣ በአጠገባቸው መግል ቋጥሮ፣ ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ነበር። መድኃኒቱን በነፃ አገኘ፣ ወራት ሙሉ ሳያቋርጥ ዋጠ። ዛሬ በከዘራ ይሄዳል፤ ጀርባው ግን ጎብጦ ቀርቷል። ያ ሁሉ ማሸት በተበላ አጥንት ላይ ነበር።

ወጌሻውን አልረግምም። በእጁ የስንቱን ሰው ውልቃት መልሷል፤ እኔንም በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ ክርኔ ሲወልቅ የመለሰኝ አባቱ ናቸው። ጀርባውን የሚያመው ሰው ሌሊት የሚያልበውና የሚከሳ ከሆነ እጅህን አንሣ ብሎ ያስተማረው ሰው የለም። እኔ ግን ተምሬያለሁ። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ሁለት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ብዬ ሁሌ አስባለሁ።

ስለዚህ መኪናዬ ውስጥ ያንን ውጤት ሳነብ በዓይኔ የመጣው ወንድም ጋሼ ነው። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ኤምአርአይ ባለበት አገር ተቀምጬ፣ ያንኑ ስሕተት ልደግመው ነበር። አጥንቱና ነርቩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይታወቅ እጅ እንዲያርፍበት ፈቅጄ ነበር።

ሲስት ሁሉ አንድ አይደለም

ማንበብ ጀመርኩ፤ ሐኪሞችንም ጠየቅኩ። በመጀመሪያ የተማርኩት «ሲስት ላለበት ሰው ካይሮፕራክቲክ ደኅና ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ እንደሌለው ነው። «የትኛው ሲስት? የት ቦታ? ምን እየተጫነ? ምን ዓይነት እጅ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዋና ዋናዎቹን በአጭሩ ልንገራችሁ።

የእኔው ሲኖቪያል ሲስት ከአከርካሪ መገጣጠሚያ ሽፋን ወጥቶ ፈሳሽ የሚቋጥር ነው። ካንሰር አይደለም። መገጣጠሚያው በዕድሜና በሥራ ሲያረጅ ይመጣል፤ ይበልጥ የሚወጣውም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ነው። አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። አስቸጋሪነቱ ብዙ ጊዜ ከአጥንት መንሸራተት ጋር አብሮ መገኘቱ ነው፤ ማለትም የላይኛው አጥንት በታችኛው ላይ ወደ ፊት ሸርተት ይላል።

ታርሎቭ ሲስት የሚባለው ደግሞ ከወገብ በታች በጅራት አጥንት አካባቢ በነርቭ ሥር ላይ የሚወጣ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ አይዛዶር ታርሎቭ ጽፎበት በስሙ ተጠራ። አብዛኛው ለሌላ ነገር ኤምአርአይ ሲነሣ በአጋጣሚ የሚታይና ምንም የማያደርግ ነው። ስልካችሁ ላይ ይህን ስም ብታዩ ሌሊቱን ሳትተኙ አትደሩ፤ ሐኪማችሁን «ለሕመሜ ምክንያቱ ይህ ነው ወይስ በአጋጣሚ የታየ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግን ትልቅ ሆኖ አጥንቱን የሸረሸረ ወይም ሽንትን የሚያውክ ከሆነ ማንም በኃይል ሊጫነው አይገባም።

አራክኖይድ ሲስት በኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውስጥ ይቋጠራል፤ ኅብለ ሰረሰሩን ከተጫነ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጉዳይ ነው። ሲሪንጎማይሊያ ከሁሉም ይለያል፤ ፈሳሹ የተቋጠረው በኅብለ ሰረሰሩ በራሱ መሐል ነው። ብዙ ጊዜ የአንጎል የታችኛው ክፍል ወደ አንገት ሸርተት ከሚልበት ኪያሪ ከሚባል ችግር ጋር ይመጣል። ምልክቱን እናቶች በደንብ ስሙኝ፦ እጅ ሙቀትና ሕመም መለየት ያቅተዋል። ምጣድ ላይ እጇ ተቃጥሎ ያልተሰማት ሴት፣ ጀበናውን በባዶ እጇ ይዛ ያላቃጠላት ሴት «ጠንካራ ናት» ተብላ መታለፍ የለባትም።

አኑሪዝማል የአጥንት ሲስት በአጥንቱ ውስጥ ደም የሚቋጥር ነው፤ በብዛት የሚታየው በልጆችና በወጣቶች ላይ ነው። አጥንቱን ከውስጥ ስለሚያሳሳው በኃይል ሲጫኑት ሊሰበር ይችላል።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ልጨምር። በውሻ አንጀት ከሚኖር ትንሽ ትል የሚመጣ፣ ሃይዳቲድ የሚባል ሲስት አለ። በብዛት የሚወጣው ጉበትና ሳንባ ላይ ነው፤ ከስንት አንድ ጊዜ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። ሲፈነዳ ሰውነት በኃይል ሊቆጣና በሽታውም ሊሰራጭ ስለሚችል ማሸት የማይታሰብ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ በግ ወይም ከብት ስታርዱ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ውሻ ከነኩ በኋላም እጅ መታጠብን ልጆችን አስለምዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ካይሮፕራክቲክ ሥልጠናና ደኅንነት መመሪያ አውጥቷል። አከርካሪን በፈጣን ግፊት ማስተካከል የማይፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ሲሪንጎማይሊያ፣ ኪያሪ፣ አኑሪዝማል የአጥንት ሲስት፣ የአከርካሪ ቲቢና ሌላም የአጥንት ልክፈት፣ ዕጢ፣ ስብራት፣ የነርቭ ድክመቱ እየባሰ የሚሄድ የዲስክ መንሸራተት፣ የአከርካሪ አለመጽናት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ዝርዝሩን ሳነብ የወንድም ጋሼን በሽታ አገኘሁት። የኔን ሲስት ግን በስሙ አላገኘሁትም። ስለዚህ «ተፈቅዷል» ልበል? ወይስ እግሬ መድከሙንና አጥንቴ ጸንቶ ስለመቆሙ አለማወቄን ልመልከት? መወሰን የነበረብኝ ይህንን ነው።

እንዴት ወሰንኩ

ሐሙስ ዕለት ቀጠሮዬን አልሰረዝኩም። ውጤቱን አትሜ ይዤ ሄድኩ። ካይሮፕራክተሩን፣ «በቅጹ ላይ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ አስቀምጦኝ «አውራ ጣትሽን ወደ ላይ ሳቢ፣ እኔ ወደ ታች ስገፋ አትልቀቂ» አለኝ። ግራው ጸና። ቀኙ በአንድ ጣቱ ወረደ። ሁለታችንም ዝም አልን። «ዛሬ ወገብሽን አልነካም። አጥንቱ የሚንሸራተት መሆን አለመሆኑ ሳይታይ ማንም እንዲጠመዝዝልሽ አትፍቀጂ» ብሎ ለሐኪሜ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ካይሮፕራክተሮች የምናገረው ተቆጥቤ ነው። ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው እጁን በሚያሳርፍበት ብቻ ሳይሆን በሚያነሣበትም ነው።

የአከርካሪ ሐኪሙ ቀላል ነገር አዘዘ፦ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ጎንበስ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ቀጥ ብዬ የሚነሣ ራጅ። ኤምአርአይ ተኝተን ስለምንነሣ ስንቆም የሚሆነውን ሁልጊዜ አያሳይም። ራጁ አራተኛው አጥንት በአምስተኛው ላይ እንደሚሸራተት አሳየ። ጥያቄዬ እዚያ ላይ ተመለሰ። ለእኔ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ እግር ድክመት፣ ፈጣን ግፊትና ጥምዘዛ አይሆንም ብዬ ወሰንኩ። በራሱ የሚጠፋ ሲስት እንዳለ ሁሉ፣ ከማስተካከል በኋላ ተሻለኝ ያሉ ሰዎችም አሉ። ነገር ግን በዚህ ላይ ያለው ማስረጃ በአብዛኛው የጥቂት ሰዎች ታሪክ ነው፤ የሚጠፋው ነገር ደግሞ እግሬ ነው።

የተሰጠኝ ምርጫ ሦስት ነበር፦ እየተከታተሉ መጠበቅ፣ በመገጣጠሚያው ላይ መርፌ መወጋት፣ ወይም ሲስቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት። መርፌውን መረጥኩ። ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር የሆድና የወገብ ጡንቻ የሚያጠናክር እንቅስቃሴ እሠራለሁ፤ በጋ ሲሆን በስቴሪንግ ሐይቅ ዙሪያ እሄዳለሁ። ሕመሙ በግማሽ ቀንሷል። የአውራ ጣቴ አቅም ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሐኪሙ በየጊዜው ይለካዋል፤ ከቀነሰ ቀዶ ሕክምናው አይቀርም። ቀጣዩ ቀጠሮዬ በመስከረም ነው። ያኔ ምን እንደምወስን ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም።

ለእናንተ

የኔ ውሳኔ የኔ ነው፤ የእናንተ ወገብ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሲስት እንዳለባችሁ ከተነገራችሁ ግን ማንም ከመንካቱ በፊት ሐኪማችሁን እነዚህን ጠይቁ። ሲስቱ ስሙ ማን ነው፣ የትኛው አጥንት ላይ ነው? ነርቭ ወይም ኅብለ ሰረሰር ይጫናል? አጥንቱ ጸንቶ ይቆማል ወይስ ይንሸራተታል? ሕመሙ የመጣው ከእሱ ነው ወይስ በአጋጣሚ የታየ ነው? ካይሮፕራክተሩን ደግሞ፦ ምስሉን አይተኸዋል? በምን ዓይነት እጅ ነው የምትሠራው፣ በፈጣን ግፊት ወይስ በዝግታ? ያለ ጥምዘዛ የሚሠራ መንገድ አለህ? ለሐኪሜ ትጽፍለታለህ? ምስሉን ሳያይ «አታስቢ፣ አወጣዋለሁ» የሚላችሁን አመስግናችሁ ውጡ።

ስለ አንገትም አንድ ቃል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የስትሮክ ማኅበሩ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት መግለጫ፣ አንገትን በእጅ ማስተካከል ከአንገት ደም ሥር መሰንጠቅ ጋር ተያይዞ እንደሚታይ ገልጸው፣ ታማሚዎች ይህን አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል ብለዋል። መንስኤው እሱ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ድንገተኛ አዲስ የአንገት ሕመም ግን ራሱ የተሰነጠቀ ደም ሥር ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሕመም ይዛችሁ አንገታችሁን ለማስጠምዘዝ አትሂዱ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸውንም ልንገራችሁ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው የሰውነት ክፍል፣ ማለትም በብልትና በመቀመጫ መካከል ያለው፣ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግር በድንገት ከደከመ፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ነገ አትበሉ። ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ሌሊት ሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት፣ ተኝቶም የማይተው የጀርባ ሕመም ከሆነ ቲቢን አስቡ። እዚህ ብዙ ዓመት ኖረናል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ተኝቶ የቆየ ቲቢ ከዓመታት በኋላ ሊነቃ ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ብዙዎቻችን እናቶቻችንን ይዘን ሐኪም ቤት ስንሄድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችንን አስተርጓሚ እናደርጋለን። አያቱ ፊት «ሽንት ያመልጥሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የለም። አያትየዋም አትመልስለትም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ፤ መብታችሁ ነው።

ለማኅበራችን

ንግግሬን ያለ ጥያቄ አልጨርስም። ማኅበራችን ለትምህርት ቤት ወንበር፣ ለጤና ጣቢያ አልጋ አበርክቷል። አሁን የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። ሞጣና በዙሪያዋ ያሉ ወጌሾችን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከጤና ባለሙያዎች ጋር በአንድ ቀን ብናሰባስባቸው፣ «እጅ ማንሣት ያለባችሁ መቼ ነው» የሚለውን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈን ብንሰጣቸው፤ ሌሊት የሚያልበው፣ የሚከሳው፣ እግሩ የሚደክመው፣ እጁ ተቃጥሎ የማይሰማው፣ ጀርባው የሚጎብጥ ልጅ። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድበትን የመኪና ገንዘብ ከዓመታዊ መዋጯችን ጥቂት ብንመድብ። ሰዎቹ የሚዘገዩት ሕክምናው ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥተው ነው። ዶክተር ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ላይ ሆነው በቲቢና በሌላም ምክንያት የጎበጡ ስንት ወጣቶችን ወደ ጋና ልከው በቀዶ ሕክምና እንዳስተካከሉ ሰምታችኋል። ያ ትልቅ ሥራ ነው። እኛ የምንችለው ሰው እዚያ ሳይደርስ በጊዜ እንዲታይ ማድረግ ነው፤ በጊዜ የተገኘ ቲቢ በክኒን ይድናል።

ይህን ንግግር ስጽፍ ወንድም ጋሼን ደውዬ ታሪኩን እንድናገር ፈቃዱን ጠየቅኩት። ሳቅ ብሎ፣ «ተናገሪ እንጂ፤ ግን ወጌሻውን እንዳታሳዝኚው፣ አሁንም ቡና አብረን ነው የምንጠጣ» አለኝ። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ «በዚያ ስብሰባ ላይ እሱም ይጠራ። ከማንም በላይ የሚሰማው እሱ ነው» አለ።

እኔም ይህንኑ ነው የምለው። የመጀመሪያው ተጋባዥ እሱ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ግማሹን እኔ እችላለሁ፤ ለወጌሻ እልከው የነበረውን ያህል ነው። የቀረውን ለእናንተ ትቻለሁ።